ደራ ያልሄደችው ልጅ

ወይዘሮ የሺዓለም ውሸት አይወዱም። አዳማ ገበያ ውስጥ ነጠላና ጋቢ ሲሸጡ እንኳ፣ ገዢው ሳያይ የቀረውን እንከን "እዚህ ጋ ጥለቱ ስቷል፤ እያየሽ ግዢ" ብለው ራሳቸው የሚያሳዩ ሴት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሲዋሽ ደግሞ አያምርበትም። በመስከረም አጋማሽ፣ ከገበያ ወደ ቤታቸው በሚወስዳቸው ባጃጅ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው።

ባጃጁ ሊነሳ ሲል፣ ነጭ ጋውን አጥፎ በክንዱ የያዘ ወጣት "ቦታ አለ?" ብሎ ገባና ጎናቸው ተቀመጠ። ቀና ብለው ሲያዩት የጎረቤታቸው ልጅ ኢሊያስ ነው። ኢሊያስ የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ሲሆን፣ የእሱ እናት ቤትና የእሳቸው ቤት አንድ የብሎኬት ግድግዳ ይጋራሉ።

"እትዬ የሺዓለም! እንዴት ዋሉ? ገበያ እንዴት ነበር?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። እናትህ ደህና ናት?"

"ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ልጅዎ ልዩስ? የአሥራ ሁለተኛን ፈተና አልፋለች ሲባል ሰማሁ፤ ማሻ አላህ።"

"ማነው ያለው?" አሉ ወይዘሮ የሺዓለም፣ ሌባ ቤታቸው እንደገባ ሁሉ ደንግጠው። "ውጤቱ እንኳ… ያው ደህና ነው። እሷም የለችም። ደራ፣ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች። ነፋስ ልትቀበል።"

"ደራ?"

"ደራ" አሉና ወደ ውጭ መመልከት ጀመሩ።

ኢሊያስ ወሬውን ቀየረና፣ ቅዳሜና እሁድ ባንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ እሱና ጓደኞቹ የዝግጅት ትምህርት መጀመራቸውን አወራላቸው። ፈተናውን አልፈው የዩኒቨርሲቲ ጥሪ የሚጠብቁ፣ ጤና መማር የሚፈልጉ የሰፈር ልጆች ይመጣሉ። ልዩም ብትመጣ ደስ እንደሚላቸው ነገራቸው። "ደራ ባትሆን ኖሮ" አሉ እሳቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ በወይዘሮ የሺዓለም ላይ ቶሎ እንዳይፈርድ እለምናለሁ። በእኛ አገር ጎበዝ ልጅ ይሸፈናል። ስንት አመጣ ሲባል "ምን ያመጣል ብለሽ ነው" ይባላል። እያጠና ከሆነ ተኝቷል፣ እቤት ካለ ሄዷል ይባላል። ሰነፉ ልጅ በአደባባይ ሲንጎራደድ፣ ጎበዙ እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ መጋረጃ ጀርባ ይቀመጣል። ይህን የሚያደርጉት ደግሞ ክፉዎች ሳይሆኑ ልጃቸውን አብዝተው የሚወዱ ናቸው።

ከባጃጅ ወርደው በር ላይ ሲደርሱ ኢሊያስ ዙሪያውን አየ። ሾፌሩ እስኪሄድ ጠብቆ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እትዬ፣ እንዳልዳፈርዎት እንጂ፣ ደራ ያለችውን ልጅ ዛሬ ማለዳ ከግድግዳችን ማዶ ስለ ልብ ስታጠና ሰምቻታለሁ።"

ወይዘሮ የሺዓለም ፊታቸው ጋለ። "እንግዲህ ውሸታም አሮጊት በለኝ።"

"ኧረ አፌን ቁርጥ ያድርገው!"

"ግባ በል፣ ቆመህ አታውራ። ሰው ያየናል።"

ግቢ ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ የሺዓለም ነጠላቸውን አስተካከሉና ክርክሩን ራሳቸው ጀመሩት።

"አንተ ያኔ ልጅ ብትሆንም ታስታውሳለህ። ዘካርያስ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በግ አርጄ ሰፈሩን ሁሉ ጠራሁ። ዶክተር እያሉ መረቁት፣ ዶክተር እያሉ ሸኙት። ፋሲካ ሳይደርስ ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ! ከአንደኛ ወርዶ የማያውቅ ልጅ። ዓይን ካልበላው ምን በላው?"

"በዓይን ጉዳይ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም" አለ ኢሊያስ። "እናቴም ሰው ሲያደንቀኝ 'ማሻ አላህ በሉ' ሳትል አታልፍም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዓይን ባይነካትም፣ ሳትዘጋጅ ብትሄድስ ትወጣዋለች?"

"እንዴት ሳትዘጋጅ? ቀን ከሌት የምታነበው ታዲያ ምንድነው?"

"እሱን ልነግርዎት ነው። ልዩ የልብ ሥዕል እያየች ጮክ ብላ ታጠናለች፤ ስሰማት ያስታውቃል። ቃሉ ጥርት ያለ ነው፣ እንደ ዳዊት ነው የምታወርደው። ነገር ግን ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ ብላ ነው የያዘችው። ወደ ሳንባ የሚሄደውን ደም ወደ መላ ሰውነት ትልከዋለች። በየማለዳው ያንኑ ስህተት እየደጋገመች ታጠብቀዋለች። ከግድግዳ ማዶ ሆኜ 'ልዩ፣ ተሳስተሻል' እንዳልላት ደግሞ፣ ይኸው ደራ ናት አሉኝ።"

ወይዘሮ የሺዓለም ሊስቁ ፈለጉና ተዉት። "አንድ ስህተት ምን አላት? ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ያርሟታል።"

"እዚያ የሚያርማት የለም እትዬ፣ ካልጠየቀች በቀር። መጀመሪያ ሁሉም የጋራ ትምህርት ነው የሚማረው። በዚያ ውጤት ነው እንግዲህ ሕክምናው፣ ነርሱ፣ ፋርማሲው የሚመደበው። አዳራሹ በተማሪ ይሞላል። አስተማሪው በእንግሊዝኛ ያወርደዋል፣ ማንንም አይጠብቅም። ያልገባው ሰው እጁን አውጥቶ 'ይድገሙልኝ' ማለት አለበት። እጅ ማውጣት ደግሞ ባንድ ቀን አይለመድም።"

"ከተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ። ግን ከተዘጋ አፍ እህልም አይገባም።"

ወይዘሮ የሺዓለም መልሱ ጣማቸው፤ ነገር ግን በልጅ መረታት ደስ አይልም። ሌላ መንገድ ሞከሩ።

"እሺ፣ ትምጣ እንበል። ጎበዝ ከሰነፍ ጋር ተቀምጦ ምን ያገኛል? የሷን እውቀት ቀድተው ባዶዋን ሊሰዷት ነው?"

"እውቀት እንደ ጠላ ተቀድቶ አያልቅም እትዬ። እንዲያውም የሚጠቀመው አስረጂው ነው። እኔ ኬሚስትሪ የገባኝ ለዶርም ጓደኛዬ ሳስረዳው ነው። እሱ እየደጋገመ 'ለምን?' ሲለኝ፣ ለካ እኔም አላውቀውም! ያ ልጅ ባይኖር ኖሮ እኔም እንደ ዘካርያስ ሻንጣዬን ይዤ እመለስ ነበር።"

የዘካርያስ ስም ሲነሳ ወይዘሮ የሺዓለም ተነሱ። "አስብበታለሁ" አሉ። በእኛ አገር "አስብበታለሁ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ኢሊያስም ያውቃል፤ አልተቀየመም። ሊወጣ ሲል ግን ዞሮ "ልዩን ከፊትዎ ያቁሟትና ቀኝ እጅሽን አንሺ ይበሏት። ከዚያ ሥዕሉን እንደገና እንድታየው ይንገሯት። ሌላ ምንም አይበሉ" አላቸው።

ወይዘሮ የሺዓለም ይህን ለመሞከር ብዙም አልቆዩም። መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ልዩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ታነበንባለች። ከሰው ተለይታ ስለሰነበተች ፊቷ ገርጥቷል።

"ተነሽና ከፊቴ ቁሚ። ቀኝ እጅሽን አንሺ።"

"ምን ሆነሻል እማዬ?"

"አንሺ ብያለሁ።"

አነሳች። የልጅቷ ቀኝ እጅ ከእናትየዋ ግራ በኩል ሆነ። "በይ አሁን ሥዕሉን እዪው" አሏት።

ልዩ ሥዕሉን አየች፣ እጇን አየች፣ እናቷን አየች። የተሣለው ልብ ፊቱን ወደ አንባቢው ያዞረ ሰው ልብ ነው፤ ቀኙ ከአንባቢው ግራ ነው። እስከ ዛሬ ገልብጣ ነው ያጠናችው። ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረችና እንባዋ መጣ።

"ኢሊያስ ነው አይደል የነገረሽ? ሰምቶኛል! እማዬ፣ እኔ እኮ ሰው ፊት ብሆን ይህን ስህተት ባንድ ደቂቃ ነው የማርመው። አንዱ 'ተሳስተሻል' ይለኝ ነበር፣ ስቀን እናልፈው ነበር። ለብቻዬ ስሆን ትክክል ይሁን ስህተት በምን አውቃለሁ? ፈርቻለሁ። እንደ ወንድሜ እመለሳለሁ ብዬ እፈራለሁ።"

ወይዘሮ የሺዓለም ልጃቸውን ከዓይን ሲጠብቁ፣ ፍርሃቱ መጋረጃው ውስጥ አብሯት ተቀምጦ ኖሯል። ያም ሆኖ ልባቸው ወዲያው አልተከፈተም፤ ያመኑበትን ነገር መልቀቅ ለማንም ቀላል አይደለም።

በማግስቱ እሁድ ነበርና ዘካርያስ ከባቱ መጣ። እዚያ አንድ የአትክልት እርሻ ላይ የሠራተኞች ኃላፊ ነው። እንደ ልማዱ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ይዞ መጥቶ፣ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ቅርፊቱን ይልጥ ጀመር። እናቱ ፊት ለፊቱ ቁጭ አሉ።

"ዘካርያስ፣ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ምን ሆነህ ነው የተመለስከው?"

"ምን ማለትሽ ነው? አንቺው ራስሽ ዓይን ነው ያልሽው።"

"እኔ ያልኩትን አይደለም የጠየቅኩህ።"

ዘካርያስ ቢላዋውን አስቀመጠ።

"አልገባኝም ነበር እማዬ" አለ። "ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አልገባኝም። ላቦራቶሪ ገባን፤ እኔ ማይክሮስኮፕ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ሌሎቹ ተራ በተራ እያዩ 'አየሁ' ሲሉ እኔም 'አየሁ' አልኩ። ያየሁት የገዛ ሽፋሽፍቴን ነው።"

"ለምን አልጠየቅክም?"

"ዶክተር ተብዬ ተሸኝቼ? ዶክተር 'አልገባኝም' ይላል? ያ ሁሉ ሰው በግ በልቶ፣ መርቆ… ሳልጠይቅ አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛው ሳምንት ከፊተኛው ባሰ። ስመለስ አንቺ 'ዓይን በልቶት ነው' አልሽ። ቀለለኝ፤ ዝም አልኩ።"

ወይዘሮ የሺዓለም ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ተሰማቸው። አንዱ ሐዘን ነው፤ ልጃቸው ያን ያህል ጊዜ ይህን ለብቻው ተሸክሞ መኖሩ። ሁለተኛው እፍረት ነው። "ወይ የኔ ነገር!" አሉ። "ስንቱን ጎረቤት በልቤ ስከስ ኖርኩ! እልፍነሽን፣ አትኩራ አየችው ብዬ ስንት ጊዜ ሰላምታ ነሳኋት!" ከዚያም የልጃቸውን እርጥብ እጅ ያዙ። "በደህና ተመልሰህልኛል። ይኸው ነው። እህትህ ግን እንዲህ ሆና አትሄድም።"

የሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ የሺዓለም ልዩን እጇን ይዘው ወጡ። በኋላ በር የሚያስወጣ አቋራጭ ነበራቸው፤ ሆን ብለው ተዉት። በሰፈሩ ዋና መንገድ፣ ሰው በየበሩ በተቀመጠበት ሰዓት አለፉ። ወይዘሮ እልፍነሽ ደግሞ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

"ውይ ልዩ! ከደራ መቼ መጣሽ?"

ወይዘሮ የሺዓለም ቆሙ። እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬ መጣች፣ ነገ ትመለሳለች፣ ብዙ የሚባል ነገር ነበር። አላሉትም።

"ደራ አልሄደችም እልፍነሽ። እቤት ነበረች። ጥሩ ውጤት አምጥታለች፤ ጤና መማር ነው የምትፈልገው። የዝግጅት ትምህርት አለ፣ ወደዚያ ልወስዳት ነው።"

ወይዘሮ እልፍነሽ ምስሩን አስቀመጡ። የሺዓለምን ቀና ብለው አዩአቸው፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ቤት መለስ አድርገው ጮክ ብለው ተጣሩ። "ሊዲ! አንቺ ሊዲ! ነይ ውጪ፣ ተጫሚና ነይ!" ልጃቸው ሊዲ ደብተሯን እንዳቀፈች፣ ዓይኗን ከፀሐይ እየከለለች ብቅ አለች። ወይዘሮ እልፍነሽ ሳቃቸውን ለመያዝ እየሞከሩ "እኔም ወለንጪቲ ልኬያት ነበር" አሉ።

ሁለቱ ሴቶች ተያይተው እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። እንዲህ ከልብ ተሳስቀው አያውቁም ነበር። በኋላ ሲጣራ ደግሞ ሞጆ የተላከ፣ አርሲ የተላከ፣ "ወባ ይዞት ተኝቷል" የተባለ ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። እርስ በርሱ ሲደባበቅ የኖረ ሰፈር ነው።

ትምህርቱ ልዩ እንዳሰበችው አልነበረም። መጀመሪያ የተጠየቀችው የምታውቀውን ሳይሆን ያልገባትን ነው። ኢሊያስ ሕግ አውጥቷል፤ ማንም ተማሪ ሲገባ አንድ ያልገባውን ነገር ጮክ ብሎ መናገር አለበት። ልዩ እየፈራች ተነሳችና የልብን ግራና ቀኝ አምታትታ እንደነበር ተናገረች። የሳቀባት አልነበረም፤ ዱሬቲ የምትባል ጎበዝ ልጅ "እኔማ ገና አሁን አንቺ ስትይ ነው የታረምኩት!" አለች። ማይክሮስኮፕ ሲመጣ ልዩ ጎንበስ ብላ አየችና "ሽፋሽፍቴ ብቻ ነው የሚታየኝ" አለች። ኢሊያስ ዓይኗን ትንሽ እንድታርቅ፣ መብራቱንም እንድታስተካክል አሳያት። ከሥሩ የተቀመጠው የሽንኩርት ቅርፊት በየክፍሉ ተከፋፍሎ ሲታያት እልል አለች።

ሌላም ብዙ ነገር ተማሩ። ረጅም የእንግሊዝኛ ገጽ አንብቦ በራስ ቃል መናገር፣ ሰዓትን ከፋፍሎ ማጥናት፣ ተኝቶ ማረፍ፣ ደም ሲታይ አለመደንገጥ፣ እንደየዝንባሌያቸውም ከሕክምና ሌላ ያሉትን የጤና ሙያዎች ማወቅ። ኢሊያስን ከሁሉ አብልጦ የሚያስጨንቀው ግን የበሽተኛ አጠያየቅ ነበር። "መጽሐፉን ሁሉም ያነበዋል፤ ሰውን ማናገር ግን ካሁኑ ካልተለማመዳችሁት ያሳፍራችኋል" ይላቸዋል።

ጥሪው ሊወጣ ሲል ወላጆች ተጠሩ። እንደ በሽተኛ ሆነው ልጆቻቸው እንዲጠይቋቸው ነው። ወይዘሮ የሺዓለም ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ልዩ የኢሊያስን ጋውን ተውሳ፣ እጅጌው ረዝሞባት ፊታቸው ተቀመጠች።

"እናቴ፣ ምን ያምዎታል?"

"ምንም። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

ክፍሉ ሳቀ። "እትዬ፣ በሽተኛ ነዎት እኮ!" አለ ኢሊያስ።

"ብሆንስ፣ ሰው ይወቅብኝ ብለህ?"

አሁን የባሰ ተሳቀ። ልዩ ግን አልሳቀችም። እንደተማረችው ወንበሯን ጠጋ አደረገች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ጠየቀችና ዝም ብላ ጠበቀች።

"እንቅልፍ እንዴት ነው?"

ወይዘሮ የሺዓለም ልጃቸው ስትጠብቅ አዩ። እንዲህ መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ቀርቦላቸው አያውቅም።

"እነሳለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ውኃ ይጠማኛል። ጠጥቼ ሽንት፣ ደግሞ ውኃ። ገበያም ላይ ጥለቱ ይደበዝዝብኛል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፋሲካ ወዲህ።"

ጨዋታ አለመሆኑ ለልዩ ገባት። "እማዬ… ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺን ስደብቅ አብሬ ደበቅኩት ልጄ።"

ኢሊያስ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አለና ሰኞ ማለዳ ከልዩ ጋር ሆነው ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ስኳር ነው ተባለ። ብዙም ያልቆየ፣ በክኒንና በአመጋገብ የሚያዝ ነው። ሐኪሙም "ዝም ብለው ቢከርሙ ዓይንዎን ይጎዳው ነበር" አላቸው። ወይዘሮ የሺዓለም ክኒናቸውን ይወስዳሉ፤ ከወይዘሮ እልፍነሽ ጋርም ማለዳ ማለዳ እየተነሱ በእግር ይሄዳሉ።

ልጅን ማዘጋጀት ደብተርና አንሶላ ማሟላት ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ወይዘሮ የሺዓለም አሁን ለሚጠይቃቸው ሁሉ ሌላ ነው የሚሉት፦ ልጁ ከመሄዱ በፊት በሰው ፊት ይሳሳት፤ ሳቅ እንደማይገድል ይወቅ፤ ያልገባውን አልገባኝም ማለትን እቤቱ ይልመድ። ሰፈሩም አተረፈ። አብረው ያጠኑት ልጆች ወደ ተለያየ ዩኒቨርሲቲ ቢመደቡም በስልክ ይጠያየቃሉ። ዘካርያስም አንድ ቀን ከባቱ ደውሎ፣ በማታ ነርስነት የሚያስተምር ኮሌጅ መኖር አለመኖሩን ኢሊያስን ጠየቀው።

ልዩ የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ወይዘሮ የሺዓለም በግ አላረዱም፣ በሩንም አልዘጉም። ጎረቤቱ ሁሉ ለመሸኘት ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። አንዱ ሽማግሌ ሊመርቁ እጃቸውን ዘርግተው "ዶክተር ልዩ…" ብለው ሲጀምሩ፣ ወይዘሮ የሺዓለም በትሕትና አቋረጧቸው።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልጄ ገና ዶክተር አይደለችም። ተማሪ ናት። እንደ ተማሪ ይመርቁልኝ።"

ሽማግሌው ልዩን አዩአት፣ ከኋላዋ ሻንጣዋን የያዘውን ዘካርያስንም አዩት።

"እንግዲያውስ ልጄ፣ ያልገባሽን የምትጠይቂበት አንደበት ይስጥሽ" አሉ።

ወይዘሮ የሺዓለም ከሁሉም ቀድመው፣ ሰፈሩ እስኪሰማ "አሜን!" አሉ።